መጠጥ የሌለበት አውሮፕላን

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በአውሮፕላን ይሳፈራል። በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ለመንገደኛው ምግብ ይቀርባል። ቢራና የወይን ጠጅም ይሰጠዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ቢራ ቀርቶ ምግቡም በገንዘብ ነው። የአልኮል መጠጥ ደግሞ ገንዘብ ቢከፍሉም አይገኝም። አልኮል ማለት ጠላን፣ ጠጅንና አረቄን የሚያሰክር ያደረጋቸው ነገር ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ሆነ? መንገደኛውን መናቅ ነው? ወይስ ንፉግነት? እስቲ ምክንያቱን እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ርካሽ አየር መንገድ ምንድን ነው?

አየር መንገድ ማለት በአውሮፕላን ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዳንዶቹ የሚሸጡት ቲኬት ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ዋጋውን ያወረዱት ለመንገደኛው አዝነው አይደለም። ወጪያቸውን ስለቀነሱ ነው።

ብዙዎቹ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት መለዋወጫና አንድ ዓይነት ሙያ ይበቃቸዋል። ወንበሩን ያቀራርባሉ። አውሮፕላኑም መሬት ላይ ብዙ አይቆምም። ሰው አውርዶ ቶሎ ሌላ ሰው ይጭናል። ታስሮ የዋለ በሬ ይበላል እንጂ አያርስም። የቆመ አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ምግብ የፈለገ፣ ትልቅ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ለየብቻው ይከፍላል።

«መጠጥ ቢሸጡ ያተርፉ የለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ያተርፋሉ። ራያንኤር የሚባለው የአየርላንድ ርካሽ አየር መንገድ ቢራና የወይን ጠጅ በአየር ላይ ይሸጣል። እንግዲያው ርካሽነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም ማለት ነው። ሌላ ምክንያት መኖር አለበት።

አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 7 ግዛቶች ያሉባት አገር ናት። ከሰባቱ ውስጥ ዱባይና ሻርጃ ጎረቤታሞች ናቸው። ሻርጃ በ1985 የአልኮል መጠጥን በሕግ ከለከለች። የእስልምና ሃይማኖት መጠጥን ይከለክላልና የግዛቲቱ ሕግ ይህንኑ ተከተለ።

ኤር አረቢያ የተባለው ርካሽ አየር መንገድ በዚህች በሻርጃ ተቋቋመ። በ2003 በ2 አውሮፕላኖች ሥራ ጀመረ። በአውሮፕላኖቹ ላይ የአልኮል መጠጥ አይሸጥም። መንገደኛው የራሱን መጠጥ ይዞ ገብቶ እንዲጠጣም አይፈቅድም።

ጎረቤቷ ዱባይ ግን መጠጥን በፈቃድና በቁጥጥር ትፈቅዳለች። ፍላይዱባይ የሚባለው የዱባይ ርካሽ አየር መንገድ በ2009 በረራ ጀመረ። እርሱ መጠጥ ይሸጣል። እነሆ፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። ልዩነታቸው የመጣው ከየቤታቸው ሕግ ነው።

በኩዌትና በሳውዲ ዐረቢያም እንዲሁ ነው። የኩዌቱ ጀዚራና የሳውዲው ፍላይናስ መጠጥ አያቀርቡም።

ክልከላው ግን በእስላም አገሮች ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ በሚደረግ በረራ ላይ የአልኮል መጠጥ ማቅረብ አይፈቀድም። ደንቡ ርካሹንም ውዱንም አየር መንገድ ይመለከታል። በ2006 ሥራ የጀመረው ርካሹ ኢንዲጎም በዚሁ ደንብ ይተዳደራል።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው

አውሮፕላን 10,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይበራል። እዚያ አየሩ በጣም ስስ ነው። ሰው ሊተነፍሰው አይችልም። ስለዚህ የታመቀ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር እንደ ቆላ አየር አይሆንም። 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል። የአዲስ አበባ ከፍታ በዚህ ግድም ነው። ለደገኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቆላ ለኖረ ሰው ግን በደሙ ውስጥ የሚዘዋወረው ኦክሲጅን ይቀንስበታል።

የጀርመን ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት አንድ ነገር አሳይተዋል። ሰው አልኮል ጠጥቶ እንዲህ ባለ ስስ አየር ውስጥ ሲተኛ የደሙ ኦክሲጅን ይበልጥ ይወርዳል። ልቡም ቶሎ ቶሎ ይመታል። በዚህ ላይ የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው። አልኮል ደግሞ ሽንት እያበዛ ከሰውነት ውስጥ ውሃ ያወጣል።

ሌላም ችግር አለ። ሰካራም ጠላ ቤት ገብቶ ቢያውክ ጎትተው ያስወጡታል። በአየር ላይ ቢያውክ ግን ወዴት ይወጣል? በብዙ አገሮች ደንብ ለ50 ወንበር ቢያንስ 1 አስተናጋጅ ይመደባል። ወጪ ቆጣቢ አየር መንገድ ከዚህ ብዙ አይጨምርም። እነዚህ ጥቂት ሰዎች ምግብ ማደል ብቻ አይደለም ሥራቸው። እሳት ቢነሳ ሰውን የሚያወጡ እነሱ ናቸው። አዲስ ዓይነት ትልቅ አውሮፕላን ሲፈተን፣ ከበሮቹ ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ወጥቶ ማለቅ አለበት። ይህ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። በዚያች ጊዜ እግሩ የማይታዘዝለት አንድ ሰካራም መተላለፊያውን ቢዘጋ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

ረብሻ ወጪም ያስከትላል። በሚያዝያ 2024 ከአየርላንድ የተነሳ አንድ የራያንኤር አውሮፕላን በአንድ በጥባጭ ምክንያት መንገዱን ለውጦ ፖርቱጋል አገር አረፈ። ከ160 የሚበልጡ መንገደኞች እዚያው አደሩ። ድርጅቱም ለማረፊያና ለመንገደኞቹ ማደሪያ ያወጣሁትን 15,000 ዩሮ ይክፈለኝ ብሎ በጥባጩን ከሰሰ። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ኃላፊ ማይክል ኦሊሪ «በአውሮፕላን ጣቢያ ለአንድ መንገደኛ ከ2 መጠጥ በላይ አይሸጥ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መጠጥ የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ስካርን ፈራ ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?

ከአገራችን ብዙ ሴቶችና ወንዶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። እናት ለልጇ ስንቅ ታስራለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ትልካለች። በዚህ መካከል «ለናፍቆት ይሁንሽ» ብሎ አንድ ጠርሙስ አረቄ ሻንጣ ውስጥ የሚከት ዘመድ አይጠፋም። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ኩዌት ወይም ሳውዲ ዐረቢያ ሲደረስ ሻንጣው ይፈተሻል። አረቄ ከተገኘ መወረሱ ብቻ አይደለም። መታሰርና መባረርም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ወጪ የወጣበት፣ ቤተሰብ ሁሉ ተስፋ ያደረገበት መንገድ በአንድ ጠርሙስ ይበላሻል። «አላወቅሁም ነበር» ማለትም አያድንም።

ስለዚህ ቲኬት ሲገዛ ዋጋውን ብቻ አይተን አንለፍ። ምግብ ይጨምራል ወይ? ስንት ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል? ምን ምን ነገር ክልክል ነው? ይህን ሁሉ እናንብብ፤ ያልገባንን እንጠይቅ። ማንበብ የቻለ ሰው ለማያነበው ዘመዱ ያንብብለት። ርካሽ ቲኬት ምን እንደተቀነሰበት ያወቀ መንገደኛ አይታለልም። የሚሄድበትን አገር ሕግ ያወቀም በሰላም ይገባል።

ጥያቄዎች

1. ርካሽ አየር መንገዶች ወጪያቸውን የሚቀንሱት እንዴት ነው?
2. ዱባይና ሻርጃ ጎረቤታሞች ሲሆኑ የአየር መንገዶቻቸው ደንብ ለምን ተለያየ?
3. በአውሮፕላን ላይ መስከር በመሬት ላይ ከመስከር የሚብሰው ለምንድን ነው?
4. ወደ ዐረብ አገር ለሚሄድ ዘመድ ስንቅ ስናስር ከምን መጠንቀቅ አለብን?