ኤክስተርናል ዲስክ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ለምን ቀጥ ይላል?

ከቀያችን ስንወጣ ብዙዎቻችን የያዝነው ወረቀት ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ በሕይወት የሌለ ዘመድ ፎቶ ከያለበት እየተለቀመ አንድ ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ ውስጥ ገብቷል። በኡም ራኩባም ሆነ በቱናይድባ አንድ ዲስክ የብዙ ቤተሰብ አደራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ድርቅ ሲል ወይም ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ሲጠፋ የሚደነግጠው ባለ ኮምፒዩተሩ ብቻ አይደለም።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1998 ቺካጎ ላይ ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ረዳቱ አንድ ስካነር በዩኤስቢ ቢሰካ ኮምፒዩተሩ በሰው ሁሉ ፊት ሰማያዊ ስክሪን አወጣ። አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።

አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥሩ እንላለን። ተራው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እንዲሰጥ የተመደበለት 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ሰማያዊ ምላስ ያለው 3.0 ደግሞ 900። ትንሹ፣ ያለ አዳፕተር የሚሠራው ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ግን ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ላፕቶፑ ያረጀ፣ ባትሪው የደከመ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ማውዝና ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ ከተሰካበት፣ ኃይሉ አይበቃም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ኮምፒዩተሩም አብሮት ይንገዳገዳል።

እንግዲህ ሌላውን ሁሉ ንቀሉ። ማራዘሚያ ገመድ ካለ አውጡት፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይል ይበላል። አጭርና ወፍራም በሆነ ሌላ ገመድ ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ሰኩ። የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ከዚያ ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ወስዶ መሞከር ነው፦ እዚያ በደህና ከሠራ ጥፋቱ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ዘንድ ነው፤ እዚያም ካደረቀው ዲስኩን ወይም ገመዱን ያዙ።

ትልቁ፣ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራው ዲስክ ሌላ ጠባይ አለው። ጄነሬተሩ ሲንፈራገጥ ወይም የሶላሩ ኢንቨርተር ሲደክም ዲስኩ ለቅጽበት ይጠፋና እንደገና ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ፋይል እየተገለበጠ ከነበረ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይላል። ሙቀቱንም አትርሱ። ብዙ የኤክስተርናል ዲስኮች የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ አየር ነው፤ የገዳሪፍ ሚያዝያና ግንቦት ግን ከ40 ያልፋል። ቆርቆሮ ሥር በቀትር ብዙ ፋይል ከመገልበጥ ማለዳ ወይም ማታ ይሻላል። ሀቡብ ሲነሣማ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው፤ አቧራው የዩኤስቢውን አፍ ይደፍነዋል።

ኮምፒዩተሩ ገና ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመስ? ይሄ ቀላል ነው። ዊንዶውስን ከተሰካው ዲስክ ላይ እየፈለገ ይሆናል። ዲስኩን ነቅላችሁ እንደገና አስነሡት፤ ከተነሣ በኋላ ሰኩ። ለዘለቄታው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የውስጡን ሐርድ ዲስክ ቀዳሚ ማድረግ ነው።

የሚያስፈራው ዲስኩ ራሱ ሲታመም ነው። ሌላው ሥራ ደህና ሆኖ አንድ ፎልደር ሲከፈት ብቻ ሁሉም ነገር ከደረቀ፣ የዲስኩ ገጽ ላይ የተበላሸ ቦታ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ደጋግሞ መሞከር፣ መንቀጥቀጥ፣ ማንኳኳት አይገባም። መጀመሪያ ማስረጃዎቹንና ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ቪዲዮው ይቆይ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እምቢ በሉት። ስህተት የሚያርመውን ቼክ ዲስክ የተባለውንም ቢሆን ከመገልበጡ በፊት አታስነሡት፤ የደከመ ዲስክን ያባብሰዋል።

ቫይረስ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ከታዩ እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። እንደ ኤክስፒ ባሉ አሮጌ ዊንዶውሶች ላይ ዲስክ ገና ሲሰካ በራሱ የሚነሣው ፕሮግራም በሩን ይከፍትለት ነበር፤ ማይክሮሶፍት ይህን በእጅጉ የገደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ዲስኩን ለጠጋኝ ስትሰጡ «ፎርማት እንዳታደርገው፣ ውስጡ ያለው የሰው ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ወረቀት ለጥፋችሁ ብትጽፉበትም አይከፋም፤ በአማርኛም በዓረብኛም።