ምስጠራው ጠንካራ ሆኖ ምስጢሩ ስለ ምን ያፈተልካል?

በስልክ ገንዘብ የሚልክ ሰው መረጃው የሚጠበቀው በምስጠራ ነው። የመተግበሪያ ገንቢዎች ግን የምስጠራውን ስሌት ራሳቸው አይጽፉትም፤ ኤፒአይ በተባለው የፕሮግራም መገናኛ አማካይነት ተዘጋጅቶ የቆየውን ይጠሩታል እንጂ።

አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከአጠራሩ ነው። በጃቫ ቋንቋ የሚጽፍ ገንቢ ስልቱን ሳይገልጽ «ኤኢኤስ» ብቻ ቢል፣ በተለመደው አሠራር ኢሲቢ የተባለው ስልት ይመረጥለታል። ይህም መረጃውን 16 ባይት በሆኑ ክፍሎች ለያይቶ ይመሰጥራል፤ በአንድ ቁልፍ ሥር ተመሳሳይ ክፍሎች ምንጊዜም ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጡ፣ ቁልፉ ሳይሰበር የመረጃው ቅርጽ ይገለጣል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የቀረበ ጥናት ከመረመራቸው፣ ምስጠራን ከሚጠቀሙ 11,748 የአንድሮይድ መተግበሪያዎች መካከል በ10,327ቱ ቢያንስ አንድ የአጠቃቀም ስሕተት አግኝቷል። ስለሆነም መልካም መገናኛ፣ ገንቢው ምርጫውን ባይገልጽም እንኳ አስተማማኙን ስልት ሊመርጥለት ይገባል።