ነገን ማን ያስበው? የትምህርትና የቴክኖሎጂ ዕቅዶቻችን ስድሳ ዓመታት

በ2018 ዓ.ም. መስከረም አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2029 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ዓመት ተምሮ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ 2033 ዓ.ም. ይሆናል። ዛሬ የሚታተምለት መጽሐፍ፣ የሚመረጥለት የትምህርት ዓይነት፣ የሚሠለጥንለት መምህር ሁሉ ከ15 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ገበያ የሚሰናዱ ናቸው። ሥርዓተ ትምህርት የሚነድፍ ሰው እንግዲህ ወደደም ጠላም ስለ ወደፊቱ ይገምታል። ጥያቄው ግምቱን አደባባይ አውጥቶ ያስመረምራል ወይስ ዕቅዱ ውስጥ ቀብሮት ያልፋል የሚለው ነው።

አገራችን ስለ ነገ ማቀድ አልጎደላትም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 በአህጉሩ ያለ ሕፃን ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ የ20 ዓመት ግብ ቆርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመንግሥቱ ፍኖተ ካርታ፣ ፖሊሲና ስትራቴጂ ሲጻፍ ኖሯል። የጎደለን ከአንድ በላይ የሆነ ነገን ማሰብ፣ ባለጉዳዩን ከመጀመሪያው ማስቀመጥ፣ ያሰብነውንም ዓመቱ ሲደርስ መልሶ መመርመር ነው። ይህን በሥርዓት የሚሠራ የጥናት ዘርፍ አለ፤ አርቆ የማየት ጥናት ልንለው እንችላለን።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

በመንግሥት ደረጃ በዚህ ሥራ ዘመን ያስቆጠረችው ጃፓን ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሪቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኤጀንሲ በሺህ ለሚቆጠሩ ሳይንቲስቶች፣ መሐንዲሶችና የኩባንያ ባለሙያዎች መጠይቅ በተነ። ዘዴው ዴልፋይ ይባላል፤ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የተፈለሰፈ ነው። በመጠይቁ ላይ አንድ ሊመጣ የሚችል ነገር ይቀርባል፤ በሽታን አስቀድሞ የሚለይ መሣሪያ ወይም አዲስ የኃይል ምንጭ እንበል። ባለሙያው ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ በየትኛው ዓመት እውን እንደሚሆንና ምን ሊያሰናክለው እንደሚችል ይሞላል። መልሶቹ ተጠቃለው ለያንዳንዱ መላሽ ይመለሱለታል። እሱም የሌሎቹን አይቶ ወይ በግምቱ ይጸናል ወይ ያሻሽለዋል። ማን ምን እንዳለ ግን አይገለጽም፤ አለቃ ወይም ስመ ጥር ፕሮፌሰር የተናገረው ብቻ እንዳይጸድቅ የተበጀ ዘዴ ነው። እኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ ትልቁ ሰው ከተናገረ በኋላ የሚሆነውን ለሚያውቅ፣ የዚህ ጥቅም ማብራሪያ አያሻውም።

ጃፓኖች ጥናቱን በየአምስት ዓመቱ ገደማ ደጋግመውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 11ኛው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ደግሞ ወደ ኋላ ዞረው የሚያደርጉት ነው። የድሮውን ዝርዝር አውጥተው የቱ ደረሰ፣ የቱ ዘገየ፣ የቱ ከናካቴው ቀረ ብለው ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ጥናት ከተዘረዘሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሙሉም ሆነ በከፊል እውን ሆነዋል። የቀሩትም ቢሆኑ ባለሙያዎች በየትኛው መስክ ላይ ተስፋቸው እንደሚበዛ ያሳያሉ።

ሁለተኛው መንገድ አንድን ነገ መተንበይ ትቶ ብዙ ነገዎችን ጎን ለጎን ማቆም ነው። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋጋ ድንገት ቢንር ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አስቦ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ ይልቅ ተዘጋጅቶ አገኘው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ አፓርታይድ ሳይፈርስ፣ 22 ሰዎች ስቴለንቦሽ አጠገብ ሞን ፍለር በተባለ ስፍራ ተሰብስበው የአገራቸውን አራት ዕጣ ፈንታዎች ነደፉ። ከመካከላቸው የወደፊቱ የገንዘብ ሚኒስትር ትሬቨር ማኑኤል ይገኙበታል። ከአራቱ አንዱ፣ አዲሱ መንግሥት ከአቅሙ በላይ አውጥቶ ኢኮኖሚው የሚወድቅበት፣ የነፃነት ታጋዮቹን ራሳቸውን አስደንግጦ ወደ ቁጠባ እንዳዘነበላቸው ይነገራል። ፊንላንድ ደግሞ ጉዳዩን ለምክር ቤቷ ሰጠችው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የወደፊት ጉዳዮች ኮሚቴ ዛሬ ቋሚ ሲሆን፣ መንግሥት በየምርጫ ዘመኑ ስለ ወደፊቱ የሚያቀርበውን ሪፖርት ይመረምራል።

ሴክተር ሪቪው

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ገንዘብ የኢትዮጵያ ትምህርት ከሥር መሠረቱ ተጠና። ሴክተር ሪቪው በሚል ስሙ የሚታወቀው ይህ ጥናት የትምህርት ሚኒስቴርንና የዩኒቨርሲቲውን ምሁራን ከውጭ ባለሙያዎች ጋር በየጉዳዩ ቡድን አሰልፎ ያሠራ ነበር። መነሻ ጥያቄው የሚያስከብር ነው፦ ከሕፃናቱ እጅግ የሚበዙት ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልደረሱባት አገር፣ ጥቂቶችን እስከ ዩኒቨርሲቲ ማድረስ ይቅደም ወይስ ለሁሉም ጥቂት ማዳረስ? ጥናቱ ሁለተኛውን መረጠ። ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ዕድሜያቸው ላለፈ ወጣቶች የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ከመደበኛው ውጭ ደግሞ ከሥራና ከመንደር ኑሮ ጋር የተያያዘ ሥልጠና እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ።

ሰነዱ ግን ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ሥራውን የሚሸከሙት መምህራን ማኅበራቸው እንኳ በቅጡ ሳይሳተፍበት አለቀ። ወሬው ሾልኮ ሲወጣ በከተማ የተሰማው ሌላ ነገር ነበር፦ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ሊያቆም ነው፣ የመምህሩ ደመወዝ ሊነካ ነው፣ ክፍሉ በተማሪ ሊጨናነቅ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ሥራ ሲያቆሙ መምህራንም አብረው አቆሙ። ተማሪውና ወላጁ ተከተለ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀንሶ ሴክተር ሪቪውን አገደ፤ ያም አላዳነውም። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ያመጣው ሴክተር ሪቪው ብቻ ነው የሚል የለም፤ የወሎ ረሃብ፣ የመሬት ጥያቄና የወታደሩ ብሶት ነበሩ። ሆኖም አገሪቱ ስለ ትምህርቷ ያካሄደችው ሰፊ ጥናት ያለቀው በሰልፍ መፈክር መሆኑ ዛሬም ሊያሳስበን ይገባል። ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ ኋላ በሌላ ስም ተመልሰው መምጣታቸው ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያሳዝነዋል። በየመንደሩ የተከፈቱት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት ሲሰጡ ማንም አልተሰለፈም። ሐሳቡን የገደለው የቀረበበት መንገድ ነበር።

አንድ መንገድ ብቻ ያየ ዕቅድ

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስህተቱ መልኩን ቀየረ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ያን ጊዜ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ተማሪው ገና ጥያቄውን ሳይገለብጥ የተሰጠው ሰኮንድ ያልቃል፤ እሷም መልሱን እንዳገኘች ሁሉ አመስግና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እጅ ማውጣት ዋጋ የለውም። መምህሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል፤ ለእሱ የተተወለት ከፊትና ከኋላ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ።

የፕላዝማው ሐሳብ ከንቱ አልነበረም። ብቁ የፊዚክስ መምህር የሌለውን የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል ለማድረግ የታሰበ ነው። ግን ዕቅዱ አንድ ነገ ብቻ ነበረው፦ መብራት የማይጠፋበት፣ ዕቃው የማይበላሽበት፣ ተማሪው እንግሊዝኛውን የሚከተልበት። «ባይሆንስ?» ብሎ የጠየቀ ቢኖርም ጥያቄው በአሠራሩ ላይ አልታየም።

የ70/30 ፖሊሲም እንዲሁ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶዎቹ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠኑ ሲወሰን፣ ከጀርባው አንድ ግምት ነበር፤ ኢንዱስትሪው በፍጥነት ያድጋል፣ መሐንዲሱንም ይቀጥረዋል የሚል። መንገዱና ሕንፃው በርግጥ ብዙዎችን ቀጥሯል። የማምረቻው ዘርፍ ድርሻ ግን ከአገራዊ ምርቱ አንድ አሥረኛ ሳይደርስ ቆየ። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ወጣት የየከተማው ወግ ሆነ። የግምቱ መሳሳት ብቻውን አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ግምቱ ተለይቶ ስላልተጻፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሠርቷል አልሠራም ብሎ የሚጠይቅ ቋሚ አካል አለመኖሩ ነው።

ከአርባ ምንጭ እስከ ፍኖተ ካርታው

ብዙ ነገዎችን ማሰብ ለእኛ እንግዳ ነው እንዳይባል፣ ሞክረነዋል። የሞን ፍለሩ አመቻች አዳም ካሃን በረዱበት የዴስቲኒ ኢትዮጵያ ውይይት፣ 50 የተለያየ አቋም ያላቸው ፖለቲከኞች፣ ምሁራንና ታዋቂ ሰዎች አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጠው እስከ 2032 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን ሊገጥሟት የሚችሉ አራት ዕጣዎችን ነደፉ። ስማቸውን ንጋት፣ ሰባራ ወንበር፣ አፄ በጉልበቱና የፉክክር ቤት አሏቸው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆኑ ከየወገኑ የመጡት ሁሉ ንጋትን መረጡ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013፣ ጦርነት ፈነዳ።

ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ውይይት ዋጋ የለውም የሚል አለ። አልስማማም። ውይይቱ አደጋዎቹን በስም ጠርቶ ነበር። ግን ከአዳራሹ ሲወጣ የሚረከበው ተቋም፣ በየዓመቱ «ወደየትኛው እየሄድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት አልነበረም። አንድ ጊዜ የተሠራ ጥናት ምንም ያህል ቢደምቅ ዓመት አይሻገርም።

የትምህርት ፍኖተ ካርታውም ፈተናው ይኸው ነው። በ2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሚዘልቀው ሰነድ ከሴክተር ሪቪው የተሻለ ታድሏል፤ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ተወያይተውበታል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቀርቷል፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተቀይሯል፣ በ2015 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጥቷል። ሆኖም ሰነዱ ከወጣ በኋላ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ለወራት ዘጋ፤ ጦርነት አፈራረሳቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በተጀመረበት ዓመት ደግሞ ቻት ጂፒቲ መጣና የቤት ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገባ። የቴክኖሎጂውም ዕቅድ እንዲሁ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሳምንታት ቆየ። ስትራቴጂው ቴሌብርን የመሳሰሉ ነገሮች እየታዩበት ቢቀጥልም፣ የራሱ መንግሥት መስመሩን ሊዘጋ የሚችልበትን ነገ አላሰበም ነበር።

«መጽሐፍና ወንበር ያልተሟላላት አገር ስለ ሩቁ ምን አሳሰባት?» የሚል ይኖራል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ራሱ ይመልስለታል። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የ2014ቱ ተፈታኝ ክፍል ካልደገመ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው ከአሥር የኢትዮጵያ ሕፃናት ዘጠኙ በአሥር ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እነዚህ ልጆች ፈተና አዳራሽ የሚቀመጡበትን ቀን ማስላት ነቢይ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ?

ለዚህ አዲስ ሚኒስቴርም፣ ትልቅ በጀትም አያስፈልግም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደ ፊንላንዱ ያለ የወደፊት ጉዳዮች ኮሚቴ ያቋቁም። ማንኛውም የትምህርትና የቴክኖሎጂ ዕቅድ የቆመባቸውን ግምቶች በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ከሰነዱ ጋር ያሳትም፤ መብራት ስንት ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ማን ይቀጥራል፣ ኢንተርኔት ይኖራል ወይ የሚሉትን። በየአምስት ዓመቱ ያ ገጽ ይውጣና በአደባባይ ይመርመር። በጠረጴዛው ዙሪያም ከምሁሩ ጎን የወረዳ ርዕሰ መምህር፣ የመብራት ኃይል ባለሙያ፣ ሠራተኛ ቀጣሪ፣ የአርብቶ አደር ወላጅና ተማሪው ራሱ ይቀመጡ።

የመጀመሪያው ፈተና ሩቅ አይደለም። የፍኖተ ካርታው ዘመን እ.ኤ.አ. በ2030 ያበቃል። ቀጣዩ ሰነድ ከመጻፉ በፊት ትምህርት ሚኒስቴር የአሁኑን ከፍቶ ከገመተው የቱ እንደያዘ፣ የቱ እንደሳተ ለሕዝብ ይንገር። ይህ ሳይሆን የሚጻፍ አዲስ ፍኖተ ካርታ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የአሮጌው ቅጂ ነው።