ፈረስን እንደ ጠባዩ ማለማመድ

ለጉግስ የሚቀርብ ፈረስ ከቆመበት ተፈናጥሮ መነሳት፣ በሽምጥ እየጋለበ ድንገት መታጠፍ፣ በጩኸትና በአቧራ መካከልም የጋላቢውን እጅ መስማት ይጠበቅበታል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው እንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ይህ ችሎታ በአደባባይ ይታያል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓድዋ ጦርነት የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶችን ይዘክራል። በሜዳው ከሚሰለፉት ፈረሶች ብዙዎቹ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለጨዋታ ብቻ የሚቀለቡ አይደሉም። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ ገበያም ያደርሳል። አንዱን ፈረስ ያቀናው ልምምድ የጎረቤቱን ፈረስ ሊያበላሽ የሚችለውም እያንዳንዱ የመጣበት ሥራ ስለሚለያይ ነው።

የመታጠፍ ጥበብ በጉልህ ከሚታይባቸው ውድድሮች አንዱ የአሜሪካው የበርሜል ግልቢያ ነው። ፈረሱ በሦስት ማዕዘን የቆሙ ሦስት በርሜሎችን በየተራ ዞሮ በሙሉ ፍጥነት ወደ መነሻው ይመለሳል። በርሜል ከተጣለ 5 ሰከንድ ይጨመርበታል። በመደበኛው ሜዳ በአንደኛውና በሁለተኛው በርሜል መካከል 27 ሜትር ያህል፣ ከእነዚህ እስከ ሦስተኛው ደግሞ 32 ሜትር ገደማ ርቀት አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው ብሔራዊ የፍጻሜ ውድድር ቻርሜይን ጄምስ የምትጋልበው ስካምፐር፣ ልጓሙ በሩጫ መካከል ወልቆ ሳለ ዙሩን ጨርሶ የዕለቱ አሸናፊ ሆኗል። ፈረስ መንገዱን ይህን ያህል አጥርቶ ሊይዝ ይችላል። የልምምድ አደጋም ከዚሁ ይመነጫል፤ ያንኑ መንገድ በየቀኑ በሩጫ የሚደጋግም ፈረስ ጋላቢውን መጠበቅ ይተውና ከመታጠፊያው አስቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል።

ቸኩሎ የሚታጠፍ ፈረስ ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጥላል፤ በርሜል ይመታል፣ በጉግስም ከጎኑ ከሚጋልበው ጋር ይጋጫል። ለእንዲህ ያለው ፈረስ መድኃኒቱ መታጠፊያውን አልፎ ጥቂት እርምጃ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ማድረግ፣ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ ሳይታጠፍ ማለፍ ነው። አልፎ የሚሄደው ፈረስ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ከመታጠፊያው በፊት ማቆም፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ከዚያ በእርጋታ ማዞር። ሁለቱን በአንድ ዘዴ የሚያለማምድ ሰው የአንዱን ጥፋት ማባባሱ አይቀርም።

ጠባይም እንዲሁ ይለያያል። ሜዳ ሲያይ የሚያልበውንና ልጓም የሚያኝከውን ግልፍተኛ ፈረስ በሩጫ ማድከም ብዙ ጋላቢዎች የሚሞክሩት ነገር ነው፤ ይሁንና ጉልበቱን እያበዛለት ይሄዳል እንጂ አያበርደውም። የሚጠቅመው በእርምጃና በሶምሶማ ማዞር፣ በየመሐሉም ማቆምና ማሳረፍ ነው። ሰነፍ የሚባለው ፈረስ ደግሞ ረጅም ልምምድ ያደነዝዘዋል፤ አጭር ሩጫ ሰጥቶ፣ ገና ንቁ ሳለ ማብቃት ይሻላል። ለሱ አለንጋ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ ሊሆን አይገባም።

ስንፍና ወይም እልኸኝነት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። ግራ ሲዞር አንገቱን የሚያጣምም ፈረስ ጥርሱ ጉንጩን እየወጋው፣ ልጓሙ ምላሱን እየቆረጠው፣ ወይም ኮርቻው ገጣባ ጀርባውን እየነካው ሊሆን ይችላል። አፉ፣ ጀርባውና ሰኮናው ሳይታዩ ልምምድ መለወጥ ትርፉ ድካም ነው። ሕመም ከሌለው፣ እንደ ሰው ሁሉ ፈረስም የሚቀናው ጎን እንዳለው ማስታወስ ያሻል። በግልቢያ ወደ ግራ ሲዞር የግራ የፊት እግሩ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኙ ቀድሞ ሲዘረጋ ሚዛኑን ይጠብቃል። በማይቀናው ጎን ሰፊ ክብ በሶምሶማ መሥራት፣ ክቡንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ማጥበብ ይገባል።

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ ለኮርቻ ሲታሰብ ጥያቄው ሌላ ነው። ቀጥታ መሄድና በአስፋልት ላይ መሶምሶም ለምዷል፤ መኪና አያስደነግጠውም። በጋሪው እንጨቶች መካከል ስለኖረ ግን ጎኑን አጥፎ መዞር አልተማረም፣ አፉም ደንድኗል። ልጓም አጥብቆ መሳብ ይበልጥ ያደነድነዋል፤ በሰፊ ክብ፣ በቀላል እጅና በጋላቢው ሰውነት ምልክት መጀመር ያዋጣል። እርሻ ላይ የዋለው የአዊ ፈረስ በበኩሉ ብርታት ሳይሆን ፍጥነት ይጎድለዋል፤ ባረሰበት ቀን ግልቢያ ሊጨመርበት አይገባም።

የአገራችን ፈረስ ቁመቱ አጭር መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ፣ ፈረስ የሚሸከመው ጋላቢና ዕቃ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው፤ አብዛኛው ጎልማሳ ከነኮርቻው ከዚያ ስለሚበልጥ ጥብቅ መታጠፊያና ሽምጥ ግልቢያ መቀነስ አለባቸው። የጀርባ አጥንቱ እድገት የሚያበቃው በ5 ወይም በ6 ዓመቱ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለን ፈረስ በፍጥነት ደጋግሞ ማዞር ለጉዳት ያጋልጠዋል።

ጊዜና መሬትም ልምምዱን ይወስናሉ። በጣና ዳርቻ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ይጣበቃል፤ ሰኮና ይዞ ጅማት ይጎትታል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በዝናብ ወቅትና ማብቂያው ላይ በረግረጉ የሚፈሉት ጥቃቅን ነፍሳት የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ያስተላልፋሉ። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ የተከተበ ፈረስም ለጥቂት ሳምንታት ከከባድ ሥራ ቢያርፍ ይመከራል። ለጥር በዓል የሚዘጋጅ ፈረስ እንግዲህ ከኅዳር ጀምሮ በእርምጃና በሶምሶማ ይጠነክራል፣ በታኅሣሥ መታጠፊያና አጭር ግልቢያ ይጨመርለታል። ልቡና ጡንቻው በሳምንታት ሲበረቱ ጅማቱና አጥንቱ ወራት ስለሚፈልጉ፣ ፈረሱ የጠነከረ ሲመስል መቸኮል አደገኛ ነው። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከሩጫ በኋላ ሩብ ሰዓት አርፎ ምቱ ከ60 በታች ካልወረደ፣ የነገው ልምምድ መቀነስ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት ግልቢያው ይቀርና ፈረሱ በየቀኑ ጥቂት እየተራመደ፣ እየተጠረገና እየተቀለበ ይቆያል።