ያልደረቀ ጣውላ

በትርፍ ጊዜው እንጨት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡንና ሐሳቡን በመሣሪያ ላይ የሚያውል ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መጋዝና መላጊያ ካሟላ የሥራው ጥራት የተረጋገጠ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በነሐሴ አምሮ የተሠራው ጠረጴዛ በጥር የሚሰነጠቀው መሣሪያ በማነሱ ሳይሆን፣ ጣውላው በውስጡ የያዘው ውኃ ከቁጥር ባለመግባቱ ነው። የዶለዶመ መሮ ይሳላል፣ የተዛባ ቁርጥም በመላጊያ ይቃናል፤ እርጥብ ሳለ በኮላ የተጣበቀ ገበታ ግን መፍትሔ የለውም።

አዲስ የተቆረጠ ግንድ ውኃን በሁለት መልክ ይይዛል፤ አንደኛው በሕዋሳቱ ክፍት ቦታ የሚገኘው ነጻ ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው እስር ውኃ ነው። ታጥቦ የተሰጣ ጋቢ መንጠባጠቡን ካቆመ በኋላም ክሩ እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ነጻው ውኃ ያለቀበት ጣውላም ገና አልደረቀም። የእንጨት እርጥበት የሚለካው የውኃው ክብደት ፍጹም ከደረቀው እንጨት ክብደት ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ይህ መጠን ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እስር ውኃው መውጣት ስለሚጀምር እንጨቱ ይኮማተራል። ቁመቱ የሚያጥረው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን፣ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚታየው መኮማተር ግን ከመሐል ወደ ቅርፊት ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ በመሆኑ ጣውላው ይቆለመማል።

እንጨት ከደረቀም በኋላ ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መመለሱን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን የእንጨቱ እርጥበት በ9 በመቶ አካባቢ፣ 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ በ16 በመቶ አካባቢ ይረጋል። ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ የእንጨቱ ስፋት ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ይለወጣል ተብሎ ቢሰላ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ በ5 በመቶ ለውጥ ብቻ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ይህን ኃይል ምስማርም ኮላም ሊገታው አይችልም። የለውጡ መጠን ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ዋንዛ ለበርና ለዕቃ የተመረጠው ለመላግ ምቹ ከመሆኑ በላይ ቅርጹን ስለሚጠብቅ ሲሆን፣ በርካሽ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ በብርቱ የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ በመሆኑ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ማድረቁ ውድ ነገር አይጠይቅም። ጣውላዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኛቸው ነፋሻ ቦታ ይደረደራሉ፤ በየመካከላቸውም እኩል ውፍረት ያላቸው፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ደረቅ ዘንጎች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይገባሉ፤ መስመሩ ከተዛባ ጣውላው በራሱ ክብደት ይጎብጣልና። ውኃ በጫፍ በኩል ከሌላው ገጽ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ጫፎቹ በዘይት ቀለም ወይም በሰም ካልተቀቡ ቀድመው ይተረተራሉ። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የባለሙያዎች ግምት እንደ ዛፉና እንደ አየሩ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ መመዘን የተሻለ ነው። ከጫፉ ራቅ ተብሎ የተቆረጠ ቁራጭ በወጥ ቤት ሚዛን ተመዝኖ፣ በ103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል። 115 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ፣ የጣውላው እርጥበት 15 በመቶ ነበር ማለት ነው።

በሚገባ የደረቀ ጣውላም መንቀሳቀሻ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ገበታው ከእግሮቹ ማያያዣ ጋር በኮላ አይጣበቅም፤ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ ሆኖ ከተበሳ፣ ገበታው ሳይላቀቅ መስፋትና መጥበብ ይችላል። የበር መሐል ሳንቃም እንዲሁ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጣል። ቫርኒሽ ለውጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ አንዱ ገጽ ብቻ ከተቀባም ገበታው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል።

ስለዚህ ጠረጴዛ ለመሥራት ያሰበ አንባቢ አዲስ መጋዝ ከመግዛቱ በፊት ጣውላውን ገዝቶ ይደርድር፤ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ተመዝኖ ክብደቱ እስካልረጋ ድረስም አይቁረጠው።