ረዳቱን የሚመርጠው ማን ነው?

እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከመኝታው ለመነሣት፣ ለመታጠብና ለመልበስ ረዳት ያሻዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ረዳቱ ማን ይሁን? በስንት ሰዓትስ ይምጣ? ይህን የሚወስነው ማን ነው? በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሐምፕሺር ክፍለ ሀገር «ለ ኮርት» የሚባል የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ምግብና አልጋ አይታጣም። ነገር ግን የሚበላበትን፣ የሚታጠብበትንና የሚተኛበትን ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ነዋሪው ሳይሆን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ በ1979 አንዳንድ ነዋሪዎች ከዚያ ወጥተው በየራሳቸው ቤት ለመኖር ተነሡ። ለመኖሪያው የሚከፈለው ገንዘብ ረዳት ይቀጠርበት ሲሉም ጠየቁ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1948 የወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደር ለአካል ጉዳተኛ ጥሬ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። አካል ጉዳተኞቹ ግን ዓመታት ሙሉ ተሟገቱ። በ1996 አዲስ ሕግ ወጣ፤ በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። በ2000 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ አረጋውያንም ተፈቀደ።

አሠራሩ እንዴት ነው? መጀመሪያ አስተዳደሩ ሰውየው ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው ያጣራል። ከዚያ ገንዘቡን ይሰጠዋል። ሰውየው ራሱ ረዳት ይፈልጋል፤ አነጋግሮ ይመርጣል፤ ይቀጥራል። ሻዩ መቼ እንደሚፈላ፣ ገበያ መቼ እንደሚወጣ የሚናገረው እሱ ነው።

አሠሪ መሆን ግን ግዴታም አለው። እረኛ የቀጠረ ገበሬ ይህን ያውቃል። ውሉ አስቀድሞ ካልተነገረ ኋላ ጠብ ይመጣል። እዚያም የሥራው ሰዓትና ደመወዙ በጽሑፍ ይሰፍራል። ሕግ ከወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች መክፈል ክልክል ነው። ረዳቱ ከነደመወዙ ዕረፍት ያገኛል። በሥራ ላይ ቢጎዳ የሚካስበት ኢንሹራንስ ይገባለታል። አሠሪውም ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ለአስተዳደሩ ያሳያል። ረዳቱ ታሞ የቀረ ዕለትስ? ተተኪ ካልታሰበ አሠሪው ከአልጋው ሳይነሣ ይውላል። ስለዚህ ተተኪው አስቀድሞ ይፈለጋል።

በእኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ልጅ ወይም ዘመድ ነው፤ ደመወዝም የለውም። ቢሆንም ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። እጅ ደከመ ማለት ሐሳብ ደከመ ማለት አይደለም። ያረጁ አባታችንን ብድግ አድርገን ከማጠባችን በፊት፣ «አባባ፣ አሁን ልጠብዎት ወይስ ትንሽ ይቆይ?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸውንም እንስማ።