ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትና የዴላሳል ወንድሞች በአዳማ

በአዳማ ነዋሪዎች ዘንድ «ሴንት ጆሴፍ» እየተባለ የሚጠራው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ እንደሚገኘው የመቂ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁሉ፣ በዴላሳል ወንድሞች የትምህርት ባህል የታነጸ ተቋም ነው። ወንድሞቹ መነኮሳት ቢሆኑም ካህናት አይደሉም፤ አይቀድሱም፣ ኑዛዜም አይቀበሉም፤ በድህነት፣ በንጽሕናና በመታዘዝ ለመኖር ቃል ገብተው ዕድሜያቸውን ለማስተማር ስለሚሰጡ ተማሪው «ብራዘር» ይላቸዋል።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1680 በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ የተመሠረተው ቄስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴላሳል (1651–1719) የድሆችን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎችን ሰብስቦ ማሠልጠን ሲጀምር ነበር። በዚያ ዘመን መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ በላቲን ያስነብብ ስለነበር የቀሩት ተራቸውን ሲጠብቁ ጊዜያቸው ይባክን ነበር፤ ዴላሳል ግን እኩል ደረጃ ያላቸውን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አብረው እንዲማሩ፣ ንባብንም በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ። የለውጡን ክብደት ለመረዳት የቄስ ትምህርት ቤቱን የንባብ ቤት ማስታወስ ይበቃል፤ እዚያም ልጁ በየኔታ ፊት ብቻውን ቀርቦ ግእዝ ያነባል። ሆኖም የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በቅርብ ማወቁ በብዙ ተማሪ በተጨናነቀ ክፍል በቀላሉ የማይተካ ሀብት ነው።

አዳማ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያልፍባት የነበረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ የሰፈረባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220,212 ነዋሪ ሲኖራት፣ አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ቀጥሎም ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በአገር ደረጃ ካቶሊኮች አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም። መቂም እ.ኤ.አ. በ1980 ከሐረር ተለይታ የራሷ የካቶሊክ አስተዳደር መቀመጫ ብትሆንም ምእመናኑ በዙሪያቸው ካለው ሕዝብ አንጻር ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለካቶሊኮች ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ትልቁ ዋጋውም የተለያየ እምነት ያላቸውን ልጆች በአንድ ዴስክ ማስቀመጡ ነው።

ዴላሳል ያነሳው የቋንቋ ጥያቄ እዚህ ገና መልስ አላገኘም፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ስላደረገ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረ ልጅ ፊዚክስንና ታሪክን ከአዲሱ የማስተማሪያ ቋንቋ ጋር እኩል መታገል አለበት፤ ይህን ሸክም የሚያቀልለትም ሁለቱንም ቋንቋ የሚችልና ጊዜ የማይነፍገው መምህር ነው።